ሕመምን መናገር፤ በጅጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች የክርስቲያኖች ፈውስ ፍለጋ ታሪክ

መግቢያ

በቋንቋችን «ዳነ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ከበሽታው የተነሣ ሰው ዳነ ይባላል፤ ከኀጢአቱ የተፈታም ሰው ዳነ ይባላል። ሐኪም የሚሰጠው መድኀኒትና መድኀኔ ዓለም የምንለው ስም የወጡት ከአንድ የግዕዝ ግንድ ነው፤ ይኸውም «ድኅነ» ከሚለው ግስ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታቸው ሥጋና ነፍስ አብረው የሚታመሙ፥ አብረውም የሚድኑ መሆናቸውን ስለ ተረዱት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

በዚህ ጽሑፍ ልናጠና ያሰብነው አንድ ክርስቲያን በሃይማኖቱ ጸንቶ እየኖረ የገዛ ራሱን ሕመም፥ ሐዘኑን፥ ፍርሃቱንና ጸጸቱን ወዴት ይዞ ይሄድ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የሰሜኑን ገዳማትና የእንጦጦን ጸበል ነው። እኛ ግን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን ጅጅጋንና የሶማሌ ክልልን ሰሜናዊ ከተሞች መርጠናል። በዚያ አገር ክርስቲያኑ በቍጥር ጥቂት ነው፤ ጎረቤቱ በአብዛኛው ሙስሊም ሶማሌ ነው፤ የብዙው ሰው የትውልድ ቀዬ ሩቅ ነው፤ ጦርነትም አገሩን ደጋግሞ ጐብኝቶታል። ስለዚህ በሌላ ስፍራ በልማድ ተሸፍኖ የሚታለፈው ነገር በዚያ ጐልቶ ይታያል። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፥ የአውሮፓውን የጠቀስን እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. ብለን እናመለክታለን።

ሕዝባችን ስለ ፈውስ የሚያስበውን በሦስት ተረቶች ጠቅልሎ አስቀምጦታል። የመጀመሪያው «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይላል። ሁለተኛው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኀኒቱ» ይላል። ሦስተኛው «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል። እንግዲህ ለመዳን ሕመምን መናገር፥ ከሰው ጋር መሆንና ቂምን መተው ያስፈልጋል ማለት ነው። የጅጅጋ አካባቢ ታሪክ ሦስቱ በየተራቸው ሲሄዱ ፈውስ እንደሚገኝ ያሳያል። ሲነጣጠሉ ግን፥ ይልቁንም ሦስተኛው ከመጀመሪያው አስቀድሞ በታዘዘ ጊዜ፥ ቍስሉ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ይመግላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይኸው ነው።

1. የወታደር ከተማና የነፍስ አባት

ጅጅጋ የቆመችው ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ፥ በሰፊ ሜዳ መካከል፥ የውሃ ጕድጓዶች ባሉበት ስፍራ ነው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የግዛቱ ሹም የሆኑት ራስ መኰንን በ1884 ዓ.ም. ገደማ በዚያ የጦር ሰፈር አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1893 በስፍራው ያለፈው እንግሊዛዊው ካፒቴን ስዌይን ያገኘው በአጥር የተከበበ ምሽግና 25 ያህል ወታደሮችን ነበረ። በ1892 ዓ.ም. የሰይድ ሙሐመድ ዐብደላ ሐሰን ተከታዮች የሆኑት ደርቪሾች ሰፈሩን በብዙ ኀይል አጥቅተው፥ ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ። ከተማይቱ ቀጥ ባሉ መንገዶች የተቀየሰችው ከዚያ በኋላ፥ በ1909 ዓ.ም. ገደማ፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገረ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። እኒህ ሰው በሩሲያ ተምረው የተመለሱና በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ መሆናቸው የታወቀ ነው።

ከጅጅጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ባለው ቆላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ከተሞች ተወለዱ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፥ ደወሌ፥ አይሻ፥ አዲጋላና ሽንሌ ጣቢያዎች ሆኑ፤ ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ሲቀጥልም ኤረር ጣቢያ ሆነች። እንግዲህ ወደዚህ አገር የመጣው ክርስቲያን በመጀመሪያ ወታደር ነበረ፤ ቀጥሎ የጉምሩክ ጸሐፊ፥ የባቡር ሠራተኛ፥ ነጋዴና አስተማሪ ሆነ። ወታደሩ በሰፈረበት ታቦት ይተከላል፤ ታቦት በተተከለበትም ካህን ይኖራል።

የዚህን ሕዝብ ኑሮ ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በደጋው አገር ሰው ሲታመም ወይም ሲያዝን የሚከበበው በዘመዶቹ ነው። ወደ ጅጅጋ የወረደው ሰው ግን ወላጆቹንና ወንድሞቹን በጎጃም፥ በሸዋ ወይም በወሎ ትቶ የመጣ ነው። ልጁ የሞተችበት የባቡር ጠባቂ ወይም ጓደኛው በአጠገቡ የወደቀበት ወታደር ሐዘኑን የሚያካፍለው ሰው ከደሙ ውጪ መፈለግ ነበረበት። ስለዚህ በየከተማው ማኅበርና ሰንበቴ፥ ኋላም እድር፥ የዘመድን ቦታ ያዙ። በየወሩ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ስም ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች አንዱ ሲቀር «ለምን ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይምሰል እንጂ በበረሓ ከተማ የብዙ ሰው ሕይወት ያቆመ ነው።

የነፍስ አባትም ሥራ በዚህ ላይ ተጨመረ። በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ኑዛዜ የሚሰማው ካህን የሰማውን ለማንም አይገልጥም። ተነሳሒው ይናገራል፤ ካህኑ ቀኖና ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ይፈታዋል። ቅደም ተከተሉን ልብ እንላለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና። ፍትሐት ከኑዛዜ አይቀድምም። ከዘመዱ የራቀ ሰው «ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የገደልሁት ሰው ይታየኛል» ብሎ ሳያፍር ሊናገርበት የሚችለው አንዱ ስፍራ ይህ ነበረ። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 ላይ የድውዩን ጸሎት፥ የካህናቱን ቅብዐትና እርስ በርስ መናዘዝን በአንድነት ማስቀመጡ ከዚህ ጋር ይስማማል። መጽሐፈ ቀንዲል የተባለው የሕሙማን ጸሎትም መሠረቱ ይኸው ክፍል ነው።

2. ወደ ቍልቢ የሚወስደው መንገድ

የጅጅጋ ክርስቲያን ከባድ ነገር ሲገጥመው የሚሳለው በአብዛኛው ለቍልቢ ገብርኤል ነው። ቍልቢ ከሐረር በስተ ምዕራብ፥ በአለማያና በቀርሳ በኩል አልፎ በተራራማው አገር ትገኛለች። የጅጅጋ ሰው ወደዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ፥ በባቢሌ በኩል ወደ ሐረር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ክብረ በዓሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን መልአኩ አናንያን፥ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነበት ይታሰባል፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ይታሰባሉ። ሁለቱም በዓላት ከእሳት መዳንን የሚናገሩ መሆናቸው በችግር ውስጥ ላለ ሰው ትርጕም አለው።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው። ከዐድዋ ዘመቻ በሰላም ቢመለሱ ሊያሠሩት ተስለው እንደ ነበረና ከ1888 ዓ.ም. ድል በኋላ ስለታቸውን እንደ ፈጸሙ ትውፊቱ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ልጅ ያጡ፥ በደዌ የተያዙ፥ ልጃቸው የጠፋባቸው፥ መጠጥ ያሸነፋቸውና ትዳራቸው የተናወጠባቸው ሁሉ በዚያ ይሳላሉ። ስለቱ የሰመረለት ጃንጥላ፥ ጧፍ፥ ወርቅ ወይም ከብት ይዞ ይመጣል፤ በስለት የተገኘው ሕፃን በዚያ ክርስትና ይነሣል። አቀበቱን ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አለ።

በጥናታችን የምንመለከተው የስለቱን ውጤት ሳይሆን የስለቱን ሥርዓት ነው። ተሳዩ ሕመሙን ሸሽጎ ሊሳል አይችልም፤ ምን እንደ ጐደለው በስም ጠርቶ መናገር አለበት። ስለቱን ለመፈጸምም ብቻውን አይሄድም፤ ጎረቤቱ፥ የማኅበር ጓደኛው፥ ብዙ ጊዜም ከእርሱ የተለየ ችግር ያለበት ሰው አብሮት ይጓዛል። በመንገድ ላይ አንዱ የሌላውን ይሰማል። ልጅ የለመነችው ሴት ልጅ ከሞተባት ሴት ጋር በአንድ መኪና ተቀምጣ ታድራለች። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ተረትና ሁለተኛው ተረት በቍልቢ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ስለ ራስ መኰንን ሞት የሚነገረው ታሪክ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመሙና ወደ ቍልቢ ተመለሱ። ያረፉትም በዚያው በቍልቢ፥ መጋቢት 13 ቀን ነው፤ የተቀበሩት በሐረር ቅዱስ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ሰው በዚያው ታሞ ሞተ። ሆኖም ሕዝቡ ከዚህ የተነሣ «ገብርኤል አይሰማም» ብሎ እግሩን አላሳጠረም። ስለት ከመልአኩ ጋር የሚደረግ የንግድ ውል ሆኖ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን በፈረሰ ነበረ። ሰዉ ግን ፈውስ ማለት ሁልጊዜ ከሞት ማምለጥ እንዳልሆነ ያውቅ ነበረ። በሐዘን የሄደ ሰው ሐዘኑን ይዞ ቢመለስ እንኳ፥ ብቻውን እንዳልሆነ ዐውቆ መመለሱ ራሱ ከመዳን ይቈጠራል።

3. ሐኪም ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከሰው?

ጸበልና ሐኪም የማይስማሙ አድርጎ ማሰብ በዘመናችን እየተለመደ መጥቷል። የሐረርና የጅጅጋ ታሪክ ግን ይህን አሳብ አይደግፍም። ቍልቢን ያሠሩት ራስ መኰንን በሐረር ሆስፒታል አቋቁመዋል፤ የጓድሉፕ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ዶክተር ቪታሊያን በዚያ ሠርቶ በኋላ የዐፄ ምኒልክ ሐኪም ሆኗል። ስለቱና ሆስፒታሉ ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ የፈረንሳይ ካፑሲን መነኰሳት በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የቅዱስ አንጦንዮስን መጠለያ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ የነበሩት የካቶሊክ ጳጳስ አባ እንድርያስ ዣሮሶ ከሐረር ሕዝብ ጋር ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በሽታው ከሚያሳምመው ይልቅ የሰው መሸሽ ያሳምመው ነበረ። ስለዚህ መነኰሳቱ በመጀመሪያ የሰጡት መድኀኒት አብሮ መኖር ነው ለማለት እንችላለን፤ ለበሽታው የሚሆን እውነተኛ መድኀኒት የተገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነውና።

ከጅጅጋ በስተ ደቡብ በምትገኘው በደጋሐቡር የሆነው ደግሞ ሊረሳ አይገባውም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ገና ጥቂት ወራት ዕድሜ ነበረው፤ የተመሠረተው በሐምሌ 1927 ነው። ዶክተር ሮበርት ሆክማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሬዝቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም የአዲስ አበባ ሥራውን ትቶ በቀይ መስቀሉ ሥር ወደ ኦጋዴን ግንባር ወረደ። በደጋሐቡር ቍስለኛውን እያከመ፥ ሳይፈነዱ የቀሩትን ቦምቦች ደግሞ በሰው ላይ ጕዳት እንዳያደርሱ ይፈታ ነበረ። በታኅሣሥ 1928 ከነዚህ ቦምቦች አንዱ በእጁ ላይ ፈንድቶ ሞተ። በመጋቢት ወር ሐረር ስትደበደብም የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ተመቱ። ይህ ሐኪም ሃይማኖቱን በስብከት የገለጠበትን ጊዜ አንጠቅስም፤ ሥራው ራሱ ይበቃል። በሌላው ሰው እግር ሥር የተቀበረውን ፈንጂ መፍታት ክርስትናን በሥራ መኖር ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል?

በመጻሕፍቶቻችን ውስጥም ሐኪምን የሚያጣጥል ትምህርት አናገኝም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኀኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነም ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኀኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ መምከራቸው ከዚሁ ከጥንቱ ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። እንዲህም ሆኖ መድኀኒቱን ጥሎ ወደ ጸበል የሚሄድ፥ ወይም የአእምሮ ሕመም የያዘውን ዘመዱን አስሮ የሚወስድ ሰው ዛሬም አለ። ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ግን የመንገዱን ርዝመት እንመልከት። የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበረ፤ ከጅጅጋ እስከዚያ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐኪም ከሌለበት ወደ ጸበል የሄደ ሰው ሐኪምን ናቀ አይባልም። ሐኪም ከመጣ በኋላ ጸበሉን ምክንያት አድርጎ ሕመምተኛውን ከሐኪም የሚከለክል ግን ለሃይማኖቱ የሚቀና ቢመስለውም ሲራክን አላነበበም።

4. የጎረቤት ውሃ

ስለ ጅጅጋ ስንጽፍ ስለ ክርስቲያኑ ብቻ ብንናገር ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ሶማሌው ጎረቤትም ሲታመምና ሲጨነቅ የሚሄድበት አለው። ሼኹ ቁርዓን የቀሩበትን ውሃ ይጠጣል፥ ይረጫል፤ ይህንንም «ተህሊል» ይለዋል። በሐረር ደግሞ የአውልያዎች መቃብር ብዙ ነው፤ ሕመምተኛ፥ መካንና ሐዘንተኛ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። በኤረር ያለው ፍል ውሃ የቁርጥማትና የቈዳ ሕመም ያለባቸውን ሃይማኖት ሳይለይ ያስተናግዳል። ወደ ቍልቢ ከሚጓዙት መካከል ሙስሊሞች መኖራቸውም ለማንም ያልተሸሸገ ነገር ነው።

ይህን የምንጠቅሰው ሃይማኖቶቹ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ ካህኑም ሼኹም እንዲህ አይሉም። የምንለው ሌላ ነው። ጸበል የሚጠጣው ክርስቲያንና ተህሊል የሚጠጣው ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሕመም ሊረዳው የሚችል ሰው ነው። ሁለቱም ውሃ ብቻውን እንደማያድን፥ በውሃው ላይ የተነበበው ቃልና ያነበበው ሰው ርኅራኄ እንደሚያስፈልግ ያምናሉ። ይህ መግባባት ለብዙ ዓመታት የጉርብትና መሠረት ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህም ነው መግባባቱ የተናጋበትን ጊዜ ቀጥለን የምንመለከተው።

5. ቂምና ጸሎት

የጅጅጋ አካባቢ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ታላቅ ቍስል ቈስሏል። በ1970 ዓ.ም. መባቻ፥ በእንቍጣጣሽ ሰሞን፥ ከተማይቱ በሶማልያ ጦር ተያዘች፤ ብዙ ነዋሪም በካራማራ በኩል ሸሸ። የኢትዮጵያ ጦር መልሶ የያዛት የካቲት 26 ቀን ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1980 ዓ.ም.፥ ሐርጌሳ በመንግሥቷ በተደበደበች ጊዜ የሸሹት ሶማሌዎች ድንበር ተሻግረው በሐርተሼክ ሰፈሩ፤ ያ ሰፈር በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበረ፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የቅርቡ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ፥ በደጋሐቡርና በሌሎችም ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፤ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። የሐምሌ ገብርኤል ከተከበረ ገና ዘጠነኛ ቀኑ ነበረ።

የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዲ መሐመድ ዑመር በሁለተኛው ቀን ከሥልጣናቸው ለቀቁ፤ በነሐሴ ወር ታሰሩ፤ ከሁከቱ ጋር በተያያዘ ተከሰሱ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ከዚያ ሐምሌ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ የሰብአዊ መብት ተመልካቹ ድርጅት ሂውማን ራይትስ ዎች በጅጅጋ «ጄል ኦጋዴን» በተባለው ወኅኒ የሚፈጸመውን ሥቃይ የሚገልጥ ጽሑፍ አውጥቶ ነበረ። በዚያ የተሠቃዩት አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን እሳት ያየው ክርስቲያንና ከወኅኒው የወጣው ሶማሌ በአንዲት ከተማ፥ ምናልባትም በአንድ መንገድ ላይ፥ ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሁለት ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ሦስተኛው ተረት የሚከብደው በዚህ ላይ ነው። ቂም ይዞ መጸለይ እንደማይገባ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። አባታችን ሆይ ባለ ቍጥር ይቅር እንዲባል ይቅር ማለትን ይናዘዛል። ነገር ግን ቤቱ የተቃጠለበትን ወይም አባቱ የተገደለበትን ሰው ገና ሳይናገርና ሳይሰማ «ክርስቲያን አይደለህምን? ተወው፥ እርሳው» ማለት ምን ያህል ተገቢ ነው? ይህን የሚሉ ሰዎች ሰላም ፈላጊዎች መሆናቸውን አንክድም። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን የራሷ ታሪክ ሌላ ሥርዓት ያሳየናል።

ከዚህ በፊት ይኸው ምሥራቃዊ አገር በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የታላቅ ጦርነት መነሻ ነበረ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1543 ሲያበቃ፥ በየአውራጃው በግድ ወይም በፍርሃት ሃይማኖታቸውን የለወጡ ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነዚህ ሰዎች የሚመለሱበት መጽሐፈ ቄድር የተባለው ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ለተመለሱት «የሆነው ሁሉ አልሆነም እንበል» አላለቻቸውም። «ከእንግዲህ ቦታ የላችሁም» ብላም አልዘጋችባቸውም። መጥተው ይናገራሉ፤ ቀኖና ይቀበላሉ፤ ጸሎት ይደረስላቸዋል፤ በተባረከ ውሃ ይታጠባሉ፤ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላሉ። ውሃው የሚመጣው ከቃሉ በኋላ ነው። በነፍስ አባት ፊት ያየነው ቅደም ተከተል በአንድ ሕዝብ ልክ ሰፍቶ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለበደለውም ለተበደለውም ይሆናል። በዳይ በደሉን ሳይናገር ይፈታ ዘንድ ሥርዓት የለም፤ ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሥቶ እንጂ በቃል ብቻ አልዳነም። ተበዳዩም ሐዘኑን በእግዚአብሔር ፊት መጮኹ ከእምነት ጕድለት አይቈጠርበትም። በየቤቱ ጠዋት ጠዋት የሚደገመው ዳዊት ስንት ስሞታና ስንት የፍርድ ልመና እንዳለበት የሚደግመው ሁሉ ያውቃል። ቂም ማለት በደልን ማስታወስ አይደለም። ቂም ማለት በደልን አምቆ፥ ለማንም ሳይናገሩ፥ ቀን እየጠበቁ መኖር ነው። ስለዚህ ሰውን ዝም ማሰኘት ቂምን ማጥፋት ሳይሆን ቂምን መዝራት ይሆናል። ፍትሕን መጠየቅም እንደ ቂም የሚቈጠር ከሆነ፥ ተበዳይ የቀረው መንገድ ዝምታና በቀል ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን ጠቅለል ስናደርገው፥ በጅጅጋና በአካባቢዋ የኖረው ክርስቲያን የልቡን ሕመም በአንድ መንገድ ብቻ አላከመም። ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ፤ በማኅበሩ ተጽናና፤ ወደ ቍልቢ ተሳለ፤ ሐኪም ባገኘ ጊዜ ታከመ። ከነዚህ አንዱ ሌላውን አልተካውም። ይልቁንም አንዱ ሌላውን ለመቀበል አዘጋጀው። ሕመሙን ለካህን መናገር የለመደ ሰው ለሐኪምም ይናገራል፤ በስለት መንገድ የሌላውን ሐዘን የሰማ ሰው የሶማሌ ጎረቤቱንም ሐዘን ሊሰማ ይችላል።

በዚህ ዘመን በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሆስፒታሎችም አሉ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አብያተ ክርስቲያናቱን ማደስም ተችሏል። ግድግዳ ግን ከሰው ልብ ይልቅ ቶሎ ይጠገናል። የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ትንሽ ብትሆንም አለች። የታሪክ ተማሪ ከሽማግሌዎቹ፥ ከካህናቱ፥ ከእናቶችና ከወኅኒ ከወጡት ዘንድ ሄዶ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፥ የሚሉትን በጽሑፍ ቢያኖር የመጀመሪያውን ተረት ይፈጽማል። የሕክምና ተማሪ ከካህኑና ከሼኹ ጋር ተቀምጦ ቢመክር ሁለተኛውን ይፈጽማል። ሦስተኛውን ለመፈጸም የሚችለው ግን የተበደለው ሰው ራሱ ነው፤ ጊዜውንም የሚያውቀው እርሱ ነው። የእኛ ፈንታ እስኪናገር ድረስ አብረነው መቀመጥ፥ በተናገረም ጊዜ መስማት ነው።